መስመሯ ላይ የተተከለው ድንኳን

በዚያን ጊዜ ስለ ራሴ የምነግራችሁ ብዙ ነገር የለም፤ እንቅልፍ ያጣሁ ሴት ነበርኩ፣ በቃ። አባባ በስትሮክ ግራ ጎኑ ከተያዘ በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ካዛንቺስ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለችው ቤታችን ከእሱ ጋር ተቀመጥኩ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ወንድሜ ዳንኤል አዳማ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ጀርባው እንዳይቆስል ቀንም ሌሊትም በየጊዜው ማገላበጥ አለብኝ፤ አባባ ደግሞ ግዙፍ ሰው ነው፣ ግማሽ ጎኑ ብቻ እንኳ ከእኔ ይከብዳል። ጓደኞቼ መጀመሪያ ይመጡ ነበር፣ ቀጥሎ ይደውሉ ነበር፣ ቀጥሎ «አይዞሽ ሰኒዬ» የሚል መልእክት ይልኩ ነበር፣ ከዚያ እሱም ቀረ። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ከራሴ ጋር መዋል ሰልችቶኝ ነበር።

ይህን ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም። የማወራችሁ ስለ አንዲት ድኩላ ስለሆነ፣ ያየኋት ጊዜ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርኩ እንድታውቁት ብዬ ነው። ካዛንቺስ ድኩላ አለ ስል የሚስቅ ሰው ብዙ ነው። አንዱ የቢሮ ባልደረባዬ «የትኛው ሥጋ ቤት?» ብሎኛል። ይሳቅ፣ ግድ የለም።

ቤታችን ከነበረው ሰፈር የተረፈ አንድ ረድፍ ውስጥ ነው። ከእኛ በላይ ያሉት ቤቶች ፈርሰው ሰዉ ተነሥቷል፤ ቦታው በእኛ በኩል ካለው በቀር ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ ክረምቱን ሣርና ጉሎ አብቅሏል። ከእኛ በታች ወንዙ አለ። ከወንዙ ማዶ ዛፍ የሞላበት ትልቅ ግቢ አለ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ከግንብ አጥሩ በላይ ጫፍ ጫፉን ብቻ የምናየው። ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ የዚያን ግንብ አንድ ጥግ ይዞት ሄደ። ከወንዙ ተነሥቶ በእኛ ቤትና በጎረቤታችን በእትዬ ሩቅያ የድንጋይ አጥር መካከል ሽቅብ ወደ ፈረሰው ሰፈር የሚያወጣ፣ መኪና የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። ድሮ መንገድ ነበር። አሁን የሚያልፍበት ሰው ስለሌለ ልብስ እናሰጣበታለን። የአባባ አልጋ በመስኮቱ ሥር ነበር፣ መስኮቱም የሚያየው ይህን መተላለፊያ ነው።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል እያገላበጥኩት፣ «ሰኒ፣ ይቺ የማን ፍየል ናት?» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። መድኃኒቱ ነው ብዬ ማገላበጤን ቀጠልኩ። በማግስቱም «ያቺ ፍየል» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ የፍየል በጠጥ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ፍሬ ነገር ተበትኖ አገኘሁ። ለካ ሰውዬው ጤነኛ ነው።

አባባ ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ነው የሠራው። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር ይወጣል፣ ማን ይነዳዋል፣ የቱ ጋ ይቆማል፣ ሕይወቱን ሙሉ እሱን ሲደለድል ኖሮ ድንገት አልጋ ላይ ዋለ። የሚደለድለው ነገር ሲያገኝ ዓይኑ በራ። «አመድ ነስንሺበት» አለኝ። የከሰል ምድጃውን አመድ በወንፊት ነፍቼ መተላለፊያው ላይ ነሰነስኩ። ጠዋት ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ ኮቴ ታትሞ ነበር፣ ከፍየል ጠበብና ፊቱ ሾል ያለ። በስልኬ አንስቼ አሳየሁት።

«ፍየል ናት» አለ።

«አባባ፣ ፍየል እንዲህ አይሾልም።»

«አንቺ የካዛንቺስ ልጅ፣ ፍየል የት ታውቂያለሽ?»

«አንተስ?»

እሱም የአውቶቡስ ሰው ነው። ሁለታችንም እኩል አናውቅም ነበር። ጥቂት ቀን ቆይተን ግን አብረን አየናት። ቀላ ያለች፣ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጥብ ያላት፣ ቀንድ የሌላት፣ ጆሮዋ ትልልቅ። ከማድ ቤቱ ጥግ ስትደርስ አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች፣ ጆሮዋን አዞረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። እኔ የአባባን ትከሻ ይዤ ቀርቻለሁ።

«እሺ፣ ፍየል አይደለችም» አለ፣ ቅር እያለው።

ከዚያ ወዲያ ያ ሰዓት የእኛ ሰዓት ሆነ። በየጊዜው እንሳሳት ነበር። አመዱ ላይ ያለው ኮቴ ብዛት ስላለው መንጋ መሰለንና አባባ «ይሄ ሁሉ ስምሪት ያለ ተቆጣጣሪ» እያለ ሲገረም ሰነበተ። በኋላ ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ መሆኑን አየሁ፤ የምትወጣውም የምትመለሰውም ያችው አንዷ ናት። ሲመሽ ከወንዙ ወጥታ ሽቅብ ወደ ሣሩ ትሄዳለች፣ ሳይነጋ ተመልሳ ትወርዳለች። አንድ ቀን እትዬ ሩቅያን አባባ ጋ አስቀምጬ ዱካዋን ተከትዬ ወረድኩ። ሣሩ በአንድ በኩል ብቻ ተኝቷል፣ አፋፉ ላይ ባለው አሮጌ የሽቦ አጥር እሾህ ላይ ቀይ ፀጉር ተሰክቷል፣ ወንዙን የምትሻገርበት ድንጋይ አንድ ነው፣ ከዚያ ጎርፍ የወሰደው የግንብ ጥግ። ተመልሼ ለአባባ ሪፖርት አደረግሁ።

«ፌርማታዋስ?» አለ።

«ማድ ቤቱ ጥግ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

በጣም ደስ አለው። ሌላ ቀን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ረስቼ መተላለፊያው ላይ ተውኩት። በግራም በቀኝም ማለፊያ ነበራት። ቆማ አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ዞራ ወደ መጣችበት ተመለሰች። አባባ ተናደደብኝ። «አውቶቡስ መንገዱ ሲቆፈር ይዞራል፣ ሾፌሩ ከተማውን ያውቃላ። ይቺ የምታውቀው ይቺኑ መስመር ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ይበላኛል ብላ ነው የምታስበው። ሂጂ አንሺላት።» ሄጄ አነሣሁላት።

ኅዳር ሲገባ ጡቷ ማጋቱን አየን። አመላለሷም ፈጠን አለ። ወንዙን ተሻግሬ በፈረሰው ግንብ አጮልቄ ሳይ ቁጥቋጦው ሥር ግልገሏ ተኝቷል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አልነካሁትም። ለአባባ ስነግረው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ «እንግዲያው ቤቷ የምታጠባው ልጅ አላት፣ አታስመሿት» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እየሳቀ ነው እንዳትሉ እየሳቀም አልነበረም፣ «ሰኒ፣ እኔ ስሞት ድንኳኔን መስመሯ ላይ እንዳትተክሉባት» አለኝ።

«ተው እንጂ አባባ።»

«መንገዱ በፊት ለፊት ተቆፍሯል። እድሩ ሌላ ቦታ የለውም፣ እዚሁ ነው የሚተክሉት። ነግሬሻለሁ።»

እኔ እንግዲህ ደክሞኝ ነበር፤ «እሺ» ብዬ ትራሱን አስተካከልኩለት።

ያረፈው እሷ በምትመለስበት ሰዓት ነው። ላገላብጠው ተነሥቼ ስይዘው ክብደቱ ሌላ ሆነብኝ። ከዚህ በፊት የሞተ ሰው ይዤ አላውቅም ግን ወዲያው ገባኝ። በመስኮቱ ስመለከት ድኩላዋ ማድ ቤቱ ጥግ፣ ፌርማታዋ ላይ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ቆማለች። ያን ጊዜ ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ እኔ አላውቅም፣ እትዬ ሩቅያ እስካሁን ታወራዋለች። ድኩላዋ በአየር ላይ ዞረች፣ ሽቅብ ወደ ፈረሰው ሰፈር ተፈተለከች። ወዲያው እትዬ ሩቅያ ነጠላዋን እየጎተተች በመተላለፊያው መጣች፣ ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ።

ፀሐይ ሳትወጣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታ ደረሱ፤ ከእሳቸው ጋር ድንኳኑ ደረሰ። ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ገደል ሆኗል። አባባ እንዳለው ሌላ ቦታ የለም። ከቤታችን ግድግዳ እስከ እትዬ ሩቅያ አጥር መተላለፊያውን ሞልተው ተከሉት። ለቅሶ ደራሽ እንዲገባበት የላይኛውን ጫፍ፣ ወደ ፈረሰው ሰፈር የሚያየውን፣ ክፍት ተዉት፤ ለዚሁ ብሎ የታጠረው ቦታ ዘበኛ በላይ በኩል ያለውን የቆርቆሮ በር ከፍቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። የወንዙን በኩል ብርድ እንዳያስገባ እስከ መሬት ድረስ በገመድ ጠፍረው አሰሩት፣ ወንበሮቹንና ብረት ድስቶቹን እዚያው ደረደሩ።

እኔ የአባቴን እግር ይዤ ስለማለቅስ ሲተክሉት አላየሁም። የነቃሁት ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነው። ግልገሏ ከወንዙ ማዶ፣ እናትየዋ ከወንዙ ወዲህ፣ በመካከላቸው የአባባ ድንኳን።

ከሰዓት በኋላ ቂርቆስ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ሰው ንፍሮ እየዘገነ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲለን፣ እኔ የማስበው ወተት ነበር። አፍረሽ ነበር እንዴ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ያን ቀን አፍሬ ነበር። አባቱ የሞተበት ሰው ስለ ድኩላ ወተት አያስብም። ግን ደግሞ አባባ ነው የነገረኝ፣ እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ሌላ የሰጠኝ ኑዛዜ የለም።

ሲመሻሽ ጋሽ ሙሉጌታን ወደ ጥግ ጠራኋቸው።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ የወንዙን በኩል ትንሽ ከፈት ቢያደርጉልኝ።»

«ምን ሆነሽ ልጄ? ሰው እኮ ፍራሽ ላይ ያድራል፣ ብርዱ ይገድለዋል።»

«የምታልፍ ድኩላ አለች። አባባ ከታመመ ጀምሮ እናያታለን። ግልገሏ ማዶ ነው ያለው፣ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም።»

ጋሽ ሙሉጌታ ክፉ ሰው አይደሉም። ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ እንቅልፍ የለሽም፣ ምግብም አልቀመስሽም። ባለፈው ለቅሶ ጫፉን ክፍት ትተን ወንበር በወንዝ በኩል ተሰርቆ ወጥቶብናል፤ እድርተኛው እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ግቢና ጋደም በይ።»

ዳንኤል ሰምቶ መጣ። ከአዳማ ከመጣ ጀምሮ እንባ ጠብ አላለውም፤ ሲሮጥ፣ ስልክ ሲያነሣ፣ ውኃ ሲያስመጣ ነው የዋለው። «ሰኒ፣ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም፣ ማለቴ፣ አብዳለች ይሉሻል» አለኝ በቀስታ።

«አባባ ነው የነገረኝ።»

«አባባ ታሞ ነበር።»

የምከራከርበት ጉልበቱ አልነበረኝም። ጨለማ ሲሆን ከላይ፣ ከጉሎው መሀል፣ የደረቀ ሳል የሚመስል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ቀና አሉ። «ውሻ ነው» አለ አንዱ። እኔ ውሻ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ እትዬ ሩቅያ ድንገት በር ስትከፍት እንዲያ ነበር ድኩላዋ የጮኸችው። እትዬ ሩቅያ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ግልገል አላት ያልሽው የእውነት ነው? በዓይንሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ልጆቿን ያሳደገችው ብቻዋን ነው።

መኝታ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ አልልም፣ ወደቅሁ። የነቃሁት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ፣ እሱን በማገላብጥበት ሰዓት ነው። ተነሣሁ፣ በጨለማው ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጄን ከጀርባው ሥር ልሰድ ስል አንሶላው ባዶ ነው። ቀዝቅዟል። እዚያው እንደጎነበስኩ ቀረሁ። አንባቢዎቼ፣ ምን ያህል እንደደከመኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ወራት «ይህ ነገር ባለቀ» ስል ከርሜ፣ አልቆ ሳለ እጆቼ አላወቁም።

በዚሁ መሀል ከመስኮቱ ውጭ ወንበር ተገለበጠ። ብረት ድስት ተንኳኳ። ሰው «ኧረ ምንድን ነው!» ሲል ሰማሁና በማድ ቤቱ በር ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ።

ገብታለች። ካርታ ተጫዋቾቹ ደክሟቸው ተኝተው፣ መብራቱ አንድ ብቻ ቀርቶ፣ ጸጥ ሲልላት በክፍቱ ጫፍ ገብታ በተኙት ሰዎች መሀል ቀጥ ብላ መስመሯን ይዛ ሄዳለች። ፌርማታዋን አልፋለች። ከዚያ ሸራው። ራሷን ሸራው ላይ ወርውራ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ ደግማ ወርውራ፣ አሁን አንድ የኋላ እግሯ ወንበሮቹ መሀል ገብቶ በደረቷ ተኝታለች። ጎኗ ይርገበገባል። ከንፈሯ ላይ ደም አለ። ሰው ሁሉ ከፍራሹ ተነሥቶ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ከኋላዋ ግጥም ብሎ ቆሟል፤ የመጣችበትንም ዘግተውባታል።

ዳንኤል የድንኳን ምሰሶ ይዟል። «ሰው ትረግጣለች፣ ወደኋላ በሉ» ይላል። የአባባ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደምሴ ደግሞ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ «የዱር አውሬ ለቅሶ ቤት ሲገባ ደግ አይደለም። አንድ ሞት ይበቃናል። ምታት ልጄ፣ ትገላገል» አሉት። ከኋላ ደግሞ አንዱ «ሥጋዋ እኮ ይበላል» አለ። ዳንኤል ምሰሶውን ከፍ አደረገ።

«አስቀምጠው» አልኩ።

ድምፄን አላወቅሁትም። አልጮህኩም፣ ቀኑን ጮኼ ጨርሼዋለሁ፣ የቀረችኝ ትንሽ ድምፅ ናት።

«ሰኒ፣ አንቺ ግቢ...»

«አስቀምጠው፣ ዳኒ። ሁላችሁም ተቀመጡ። ፍራሻችሁ ላይ ተቀመጡና ዝም በሉ።»

እኔ ሰው አዝዤ የማውቅ አይደለሁም። ቢሮም ሰልፍ ሲቀድሙኝ ዝም ነው የምለው። ግን ያን ዕለት ሟቹ የእኔ ነበር፣ ለቅሶውም የእኔ ነው፣ በለቅሶ ቤት ደግሞ ባለሐዘንን እንቢ ለማለት የሚደፍር የለም። መጀመሪያ እትዬ ሩቅያ ቁጭ አለች። ከዚያ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጋሼ ደምሴ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩኝና፣ «ያባቷ ልጅ» ብለው እሳቸውም ተቀመጡ። ዳንኤል ምሰሶውን ይዞ ቁልቁል ብቻ ያያል።

ጋሽ ሙሉጌታ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ካፖርታቸውን ደርበው ከጎኔ ቆመዋል።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ በማድ ቤቱ ዞረው ከውጭ ይፍቱላት» አልኳቸው።

«ቋጠሮው በውርጭ ጠብቋል፣ ለመፍታት ጊዜ ይፈጃል።»

«እንግዲያው ይቁረጡት።»

«ሰናይት፣ የእድሩ ገመድ ነው...» አሉ። ድኩላዋን አዩ። ከጡቷ ወተት እየፈሰሰ የእድሩ ሸራ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ሄዱ።

እኔና እትዬ ሩቅያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ቀስ ብለን ሄደን ወንበሮቹን አንድ በአንድ አነሣን። ፊቷን አላየሁም፤ አባባ «አትዪያት፣ ስታዪያት እንደያዝሻት ነው የሚመስላት» ይለኝ ነበር፣ እውነት ይሁን ግምት አላውቅም። እግሯ ሲለቀቅ አልተነሣችም። ከውጭ የጋሽ ሙሉጌታ ሰንጢ ገመዱን ሲገዘግዝ ይሰማል። ከዚያ ሸራው ዝቅ ብሎ ወደቀና የወንዙ ብርድ ገባ፣ የጎህ ብርሃን ከእሱ ጋር።

ተነሣች። አልሮጠችም። አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች፣ ጆሮዋን አዞረች፣ ያ የተቀደደው ጆሮዋ ታየኝ፣ ከዚያ እያነከሰች በራሷ መስመር ወረደች። ትንሽ ቆይቶ ድንጋዩ ላይ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማን።

ከዚያ ዳንኤል ምሰሶውን ጣለው፣ ብረት ድስቶቹ መሀል ቁጭ አለና፣ «አባባ» አለ። «አባባ፣ አባባ» እያለ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ፣ ጋሼ ደምሴ ሳይቀሩ። ወንድሜን አቅፌው ስንላቀስ ነጋ። ጠዋት ላይ ጋሽ ሙሉጌታ የተቆረጠውን ገመድ ሰብስበው እየጠቀለሉ፣ «አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ተራውን ያልጠበቀ አውቶቡስ አሳልፎ አያውቅም፣ ለእሷ ግን ቅድሚያ ሰጣት» አሉኝና ራሳቸው ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ግልገሉስ ትሉኛላችሁ። ከሠልስቱ በኋላ ተሻግሬ በግንቡ አጮለቅሁ፤ ቁጥቋጦው ሥር አልነበረም። ክፉ ክፉውን አስቤ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አመዱ ላይ ከእሷ ኮቴ ጎን የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ሌላ ኮቴ ታትሞ አገኘሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁት፣ ለማሳየት ወደ አልጋው ልሮጥ ስል ቆምኩ። በመጨረሻ ለዳንኤል ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ ነገር ነው ለማለት አልችልም። ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ሰልፍ ሲቀድሙኝ አሁን «ወንድሜ፣ ተራ አለ» እላለሁ። ዳንኤል ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣ አመዱን እሱ ነው የሚነፋው። የእድራችን ድንኳን በዚያ ቦታ ሲተከል፣ ሰፈሩ እየፈረሰ ስንት ሰው እንደቀረን እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ማንም ሳይናገር የወንዙ በኩል ሳይታሰር ይቀራል። ጋሽ ሙሉጌታ ለወንበሮቹ ሲሉ እዚያው ጫፍ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ።

ሌላው ነገር ይህ ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ድኩላዋ መመላለሷን አላቆመችም፣ ግን ቀጥ ብላ ማለፍ ተወች። ሸራው የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆማ፣ ወደ እትዬ ሩቅያ አጥር ተጠግታ፣ ግማሽ ክብ ዞራ ነው የምታልፈው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም፣ ባዶ መሬት ነው። አመዱ ላይ ኮቴዋ ጎብጦ ይታያል። አባባ ቢኖር ሳፋውን አነሣን፣ ታዲያ ለምን ትዞራለች ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ይከራከረኝ ነበር።

አልጋውን ዳንኤል እናቷ ለታመመችባት ጎረቤት ሰጥቶልናል፤ ይጠቅማታል፣ እሺ አልኩ። ክፍሉ ሰፋ። እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል እነቃለሁ፣ ተነሥቼ ወደዚያ ክፍል እሄዳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ለመድረስ አልጋው የነበረበትን ቦታ በጎን እዞራለሁ። በቀን ብርሃን እንኳ እዞራለሁ። መጀመሪያ ላይ አብጃለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ «በቃ እርሺው» ነው የሚለኝ። ቤታችሁ ውስጥ በሽተኛ ያስታመመ ሰው ካለ፣ አደራችሁን፣ ሲያልቅ «ተገላገልሽ» አትበሉት፣ እንዲህ ባዶ ቦታ ሲዞርም ብታዩት አትሳቁበት። እግሩ የለመደው መንገድ ነው፣ የሚለቀው ደግሞ በራሱ ጊዜ ነው።

ትናንት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳይ ከነግልገሏ መጣች። ማድ ቤቱ ጥግ ቆመች፣ እግሯን አነሣች፣ ጆሮዋን አዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ ቀጥ ብላ በመሀሉ አለፈች።

እኔ ገና ነኝ።